ከአየሩ በፊት ነዳጁ፦ የቱርቦ ቤንዚን ሞተርን ኃይል ለማሳደግ የነዳጅ ሥርዓት ስሌትና ቅደም ተከተል

መግቢያ

ቱርቦ የተገጠመለትን የቤንዚን ሞተር ኃይል መጨመር ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ሥራ ይመስላል። የጭሱን ጋዝ ከቱርባይኑ አሳልፎ የሚያስወጣው ዌስትጌት ዘግይቶ እንዲከፈት ሲደረግ ቱርቦው ይበልጥ ይሽከረከራል፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ይበዛል፤ መኪናውም ወዲያውኑ ጉልበት ይጨምራል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ወይም ጥቂት የኮምፒውተር ማስተካከያ ነው። ነዳጁ ግን በዚህ ቅለት አይታዘዝም። አየሩን ተከትሎ ሊጨምር የሚችለው ፓምፑ፣ መስመሩ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውና ኢንጀክተሮቹ እስከፈቀዱለት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወሰን በኋላ አየሩ መጨመሩን ሲቀጥል ነዳጁ ባለበት ይቆማል። ኃይሉ በተጨመረለት ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ይህ ጽሑፍ የቱርቦ ቤንዚን ሞተር የነዳጅ ሥርዓት ለተጨማሪ ኃይል እንዴት እንደሚሰላና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሻሻል ያብራራል። ማዕከላዊ ነጥቡ አንድ ነው፦ የሥርዓቱ አቅም መለካት ያለበት ለየክፍሎቹ በካታሎግ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን፣ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጅግ በሚጨነቁበት የሥራ ነጥብ ላይ ነው። ይኸውም ከፍተኛው የቱርቦ ግፊት፣ ከፍተኛው የሞተር ዙርና ዝቅተኛው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚገናኙበት ቅጽበት ነው። ስሌቱን ለማሳየት በብዙ አገሮች የኃይል ማሳደጊያ ሥራ ሲሠራበት የቆየው የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተር በአብነት ተወስዷል። በመጨረሻም የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በዚህ ስሌት ላይ የሚያመጡት ለውጥ ተመልክቷል።

የድብልቁ ምጣኔና የሞተሩ ደኅንነት

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ የተመጣጠነ ድብልቅ ይባላል። ከዚህ ይልቅ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ወፍራም፣ ነዳጅ ያነሰበት ደግሞ ስስ ተብሎ ይጠራል። የቱርቦ ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ድብልቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ግራም አየር ለአንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ እንዲሆን ይደረጋል። ትርፉ ነዳጅ ለኃይል የሚያበረክተው እጅግም አይደለም። ተግባሩ ማቀዝቀዝ ነው፤ በሚተንበት ጊዜ ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል፣ የቃጠሎውንም ሙቀት ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ማቀዝቀዣ ሲጎድል የሚከተለው ዋነኛ አደጋ ማንኳኳት ነው። በጤናማ ቃጠሎ ካንዴላው ያቀጣጠለው ነበልባል ከመካከል ተነሥቶ ወደ ሲሊንደሩ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ግፊቱና ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፉ ግን በዳር የቀረው ድብልቅ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ፍንዳታው የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ የፒስተኑን ገጽ ከሙቀት የሚከላከለውን ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፋል፤ የፒስተኑን ፋሻ የተሸከሙትን ጠርዞች ይሰነጥቃል፤ ሁኔታው ከቀጠለም የፒስተኑ አናት ይቀልጣል። ከፍተኛ ግፊት ባለው ሞተር ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊፈጸም ይችላል።

ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው አሽከርካሪው የሚሰማው ስሜት ነው። ድብልቁ ከ11.5 ወደ 12.5 ሲሳሳ የሞተሩ ኃይል በጥቂቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ነዳጅ ማነስ የጀመረው መኪና ለተወሰነ ጊዜ ከወትሮው ይበልጥ ቀልጣፋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ጉድለቱን እንደ ስኬት ሊቆጥረው ይችላል ማለት ነው። የነዳጅ ሥርዓት በስሜት ሳይሆን በስሌትና በመለኪያ መመራት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በአብነት የተወሰደው ሞተር

2ጄዜድ-ጂቲኢ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 2,997 ሲሲ ይዘት ያለው፣ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምት እኩል 86 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር ነው። የሲሊንደር ብሎኩ ከብረት የተቀረጸ ሲሆን የመጨመቂያ ምጣኔው 8.5 ለ1 ነው። በአራተኛው ትውልድ ቶዮታ ሱፕራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሁለት ቱርቦዎች በቅደም ተከተል እንዲሠሩ ተደርጎ ቀርቧል። በጃፓን ገበያ የተገለጸው ኃይል፣ የአገሪቱ አምራቾች በፈቃዳቸው ባስቀመጡት ገደብ መሠረት፣ 280 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ደግሞ 320 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተገልጿል።

ለዚህ ጽሑፍ ትርጉም ያለው ልዩነት በኢንጀክተሮቹ ላይ ይታያል። የጃፓኑ ሞተር በደቂቃ 440 ሲሲ፣ ወደ ውጭ የተላከው ደግሞ በደቂቃ 550 ሲሲ የሚረጩ ኢንጀክተሮች ነበሩት። የብረት ብሎኩና ጠንካራው የክራንክ ዘንግ ከፋብሪካው ኃይል እጅግ የላቀ ጫና መሸከም በመቻላቸው፣ በዚህ ሞተር ላይ የኃይል ወሰን የሚያበጀው ብረቱ ከመሆኑ በፊት ነዳጁ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ሥርዓትን ለማጥናት አመቺ ምሳሌ ይሆናል።

የኢንጀክተር አቅም ስሌት

ስሌቱ የሚጀምረው ከሚፈለገው ኃይል ነው። በሙሉ ጭነት የሚሠራ የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ያህል ነዳጅ ይፈልጋል ተብሎ ለዕቅድ ይወሰዳል። ይህ ቁጥር እንደ ሞተሩ ዓይነትና እንደ ድብልቁ ውፍረት ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። የቤንዚን እፍግታ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.74 ግራም ገደማ ነው። ሁለተኛው ቁም ነገር ኢንጀክተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በአራት ምት ሞተር አንድ ዑደት ሁለት ዙር ስለሚወስድ፣ በደቂቃ 6,800 ዙር ላይ ለአንድ ዑደት ያለው ጊዜ 17.6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ኢንጀክተሩ ለመክፈትና ለመዝጋት ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ እንዲሁም መጠባበቂያ ሊቀርለት ስለሚገባ፣ ክፍት የሚሆንበት ድርሻ ከ85 ከመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። ይህም 15 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው።

በዚህ መሠረት 320 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 86.4 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በደቂቃ 1,946 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ይጠይቃል። ይህ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር 324 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ስለዚህ የ550 ሲሲው ኢንጀክተር በፋብሪካው ኃይል የሚሠራው በአቅሙ 59 ከመቶ ላይ ነው። በተመሳሳይ ስሌት እስከ 85 ከመቶ ድረስ ሲሠራ 460 የፈረስ ጉልበት ገደማ መመገብ ይችላል። የጃፓኑ የ440 ሲሲ ኢንጀክተር ግን ወሰኑ 370 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። በመልክ የማይለዩ ሁለት ሞተሮች በተመሳሳይ የቱርቦ ግፊት ቢሠሩ አንደኛው በሰላም ሊቀጥል፣ ሌላኛው ሊሰበር የሚችለው በዚህ ልዩነት ነው።

የታቀደው ኃይል 600 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ነዳጅ በሰዓት 162 ኪሎ ግራም፣ በደቂቃ 2,700 ግራም ወይም 3,649 ሚሊ ሊትር ነው። ለስድስት ኢንጀክተሮች ተካፍሎ፣ በ85 ከመቶ የክፍት ጊዜ ድርሻ ሲስተካከል፣ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 715 ሲሲ የመርጨት አቅም ሊኖረው ይገባል። ለአሠራር ልዩነቶችና ለወደፊት ለውጥ ቦታ ለመተው ከ750 እስከ 850 ሲሲ ያለው ምርጫ ተገቢ ይሆናል።

ግፊቱ ስለ ምን ይጨነቃል

የኢንጀክተር መጠን በካታሎግ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ባር ግፊት ተለክቶ ነው። ይሁን እንጂ ፍሰቱን የሚወስነው በነዳጅ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ብቻውን አይደለም፤ በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ኢንጀክተሩ በአንድ በኩል ነዳጁን፣ በሌላ በኩል በማኒፎልዱ ውስጥ የታጨቀውን አየር ይገናኛል። ፍሰቱም ከግፊት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል።

የዚህ ሕግ ውጤት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የነዳጁ ግፊት በ3 ባር ላይ ቆሞ ቱርቦው 1.5 ባር ቢገፋ፣ በኢንጀክተሩ ላይ የሚቀረው ልዩነት 1.5 ባር ብቻ ነው፤ ፍሰቱም በ29 ከመቶ ይቀንሳል። ሞተሩ ነዳጅ እጅግ በሚፈልግበት ሰዓት ኢንጀክተሩ አነስተኛ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል የግፊት መቆጣጠሪያው በቀጭን ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር ይገናኛል። ማኒፎልዱ ውስጥ የአየር ግፊት በ1 ባር ሲጨምር የነዳጁም ግፊት በ1 ባር ይጨምራል፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ 3 ባር ሆኖ ይቆያል። ከመቆጣጠሪያው ጋር የተያያዘችው ይህች ቱቦ ብትሰነጠቅ ወይም ብትወልቅ መላው ስሌት ይፈርሳል። ስለዚህ በጥብቅ መታሰርና በየጊዜው መፈተሽ ይኖርባታል።

መነሻ ግፊቱን ከፍ በማድረግ ከትናንሽ ኢንጀክተሮች ተጨማሪ ነዳጅ ማግኘት ይቻላል። ከ3 ወደ 4 ባር ማሳደግ ፍሰቱን በ15 ከመቶ ተኩል ገደማ ይጨምራል፤ የ550 ሲሲው ኢንጀክተር 635 ሲሲ ያህል ይረጫል። ሆኖም ይህ ትርፍ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ፓምፑ ነው።

ፓምፑ፦ ፍሰትና ግፊት በተቃራኒ አቅጣጫ

የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያቀብለው ፍሰት ይቀንሳል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መነሻ ግፊቱ 3 ባር፣ የቱርቦው ግፊት 1.5 ባር ስለሆነ ፓምፑ ነዳጁን ማቅረብ ያለበት በ4.5 ባር ነው። የሚያስፈልገው ፍሰት በሰዓት 219 ሊትር ሲሆን 20 ከመቶ መጠባበቂያ ሲታከል 263 ሊትር ይሆናል። በማሸጊያው ላይ በሰዓት 255 ሊትር ተብሎ የተጻፈለት ፓምፕ ይህን ቁጥር የሚያገኘው ዝቅ ባለ ግፊት ላይ ሊሆን ይችላል። በ4.5 ባር የሚሰጠው ከዚያ በግልጽ ያነሰ ነው። ስለዚህ የሚነበበው በማሸጊያው ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን አምራቹ የሚያወጣው የፍሰትና የግፊት ሠንጠረዥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቮልቴጅ ነው። ሠንጠረዦቹ አብዛኛውን ጊዜ በ13.5 ቮልት ይለካሉ። አሮጌና ቀጭን ሽቦ፣ የዛገ ማገናኛ ወይም የደከመ ጀነሬተር ፓምፑ ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ወደ 12 ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። ፓምፑም በዚያው መጠን ይደክማል። በአራተኛው ትውልድ ሱፕራ ላይ በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ የፓምፑን ቮልቴጅ የሚቀንስ የተለየ መቆጣጠሪያ አለ። ትልቅ ፓምፕ ሲገጠም ይህ መቆጣጠሪያ አዲሱን የኤሌክትሪክ ጭነት መሸከሙ መረጋገጥ አለበት። ከባትሪው በቀጥታ የሚነሣ ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌይና ተገቢው ፊውዝ የሥራው አካል ናቸው።

ፓምፑ በግፊት ሲወድቅ ምን እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። መስመሩ ውስጥ 4.5 ባር መኖር ሲገባው 3.75 ባር ብቻ ቢገኝ፣ በኢንጀክተሩ ላይ ያለው ልዩነት ከ3 ወደ 2.25 ባር ይወርዳል፤ ፍሰቱም በ13 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ11.5 የተዘጋጀው ድብልቅ 13.3 ይሆናል። መኪናው አይንተፋተፍም፤ ጭስም አያወጣም። በዚያ ግፊት ላይ ያለ ሞተር ግን እንዲህ ያለውን ድብልቅ ለረጅም ጊዜ ሊሸከም አይችልም።

የፓምፑ ዙሪያም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። ፊልትሮው በቆሻሻ ከታፈነ ወይም ለአዲሱ ፍሰት ጠባብ ከሆነ ግፊት ይበላል። የመመለሻው መስመር ጠባብ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል፤ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲሽከረከር ትልቁ ፓምፕ የሚገፋው ትርፍ ነዳጅ መመለሻ አጥቶ ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ይወጣል። በጋራዥ ቋንቋ ሳልባትዮ በሚባለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነዳጁ ዝቅ ባለ ጊዜ መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ነዳጁ ወደ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ለውድድር በሚዘጋጁ መኪናዎች ላይ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ አነስተኛ ረዳት ማጠራቀሚያ የሚገጠመው ይህን ለማስቀረት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቱቦዎችና ማያያዣዎች ለግፊቱም ለነዳጁም ዓይነት የተሠሩ መሆን አለባቸው። በጋለ ቱርቦ አጠገብ የሚያልፍ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከሞተር መሰበር የከፋ አደጋ ያስከትላል።

የነዳጁ ዓይነት

ከፍተኛ ኃይል በሚፈለግበት ጊዜ በአንዳንድ አገሮች እስከ 85 ከመቶ ኢታኖል ያለው ነዳጅ ይመረጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ የኢታኖል የማንኳኳት መከላከያ ኃይል ከተራው ቤንዚን ይበልጣል። በሁለተኛ ደረጃ አንድ ኪሎ ግራም ኢታኖል ሲተን የሚወስደው ሙቀት የቤንዚኑን ከእጥፍ በላይ ያህላል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውም አየር በዚያው ይቀዘቅዛል።

ይህ ጥቅም በፍሰት ይከፈላል። የዚህ ነዳጅ የተመጣጠነ ድብልቅ 9.8 አካባቢ ስለሆነ ለተመሳሳይ አየር በመጠን 40 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል። በ600 የፈረስ ጉልበት ምሳሌ 715 ሲሲ የነበረው የኢንጀክተር ፍላጎት ወደ 1,000 ሲሲ ይወጣል፤ የፓምፑም ፍሰት በዚያው ልክ ያድጋል። ኢታኖል አንዳንድ የጎማና የብረት ዓይነቶችን ስለሚያጠቃ ቱቦዎቹና ማጣበቂያዎቹ ሊተኩ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ቀደም ሲል 5 ከመቶ፣ ኋላም 10 ከመቶ ኢታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ለገበያ ቀርቦ ነበር። እንዲህ ያለው አነስተኛ ድብልቅ እንኳ የነዳጁን ፍላጎት በ4 ከመቶ ገደማ ስለሚያሳድግ፣ በወሰኑ ጫፍ ላይ ለሚሠራ ሥርዓት ችላ የሚባል አይደለም።

መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር

የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያዝዘው ነዳጅን ሳይሆን ጊዜን ነው፤ ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊ ሰከንድ ክፍት ይሁን የሚለውን ይወስናል። የ550 ሲሲ ኢንጀክተሮች በ750 ሲሲ ተተክተው ኮምፒውተሩ ካልተነገረው በእያንዳንዱ ትእዛዝ 36 ከመቶ ትርፍ ነዳጅ ይረጫል። ካንዴላዎቹ ይጠቁራሉ፤ ትርፉ ነዳጅ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል። ኦክስጅን ሴንሰሩ በቀላል ጭነት ጊዜ የተወሰነውን ስሕተት ሊያርም ይችላል፤ በሙሉ ጭነት ግን በፋብሪካው አሠራር ይህ እርማት አይሠራም።

ለኮምፒውተሩ ሦስት መረጃዎች መሰጠት አለባቸው። እነርሱም የኢንጀክተሩ ፍሰት፣ በተለያየ ቮልቴጅና ግፊት ለመክፈት የሚፈጅበት መዘግየት፣ እንዲሁም በጣም አጭር በሆነ ትእዛዝ ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ ናቸው። መዘግየቱ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲሆን ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ይረዝማል። ሥራ ፈትቶ በሚሽከረከር ሞተር ላይ ትልቅ ኢንጀክተር ክፍት የሚሆንበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ በዚህ መረጃ ላይ የሚደረግ ትንሽ ስሕተት ሞተሩን ያንዘፈዝፈዋል። ስለዚህ «ትልቁ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ በኢንጀክተር ምርጫ ላይ አይሠራም።

የከፍታው ተጽዕኖ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው። በዳሽቦርድ ላይ የሚነበበው የቱርቦ ግፊት ግን ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። መለኪያው 1 ባር ሲል በአዲስ አበባ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ፍጹማዊ ግፊት 1.77 ባር ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 2.01 ባር ይሆናል።

ይህ ልዩነት ለነዳጅ ሥርዓት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ዌስትጌቱ በምንጭ ብቻ የሚታዘዝ መኪና በአዲስ አበባ ተስተካክሎ ኢንጀክተሮቹ 85 ከመቶ ላይ ቢደርሱ፣ የአየሩ ሙቀት እኩል ነው ተብሎ ሲታሰብ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ተመሳሳይ የመለኪያ ንባብ 90 ከመቶ ያስፈልገዋል። ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ሲወርድ ደግሞ ከ96 ከመቶ በላይ ይሆናል። በደጋ የነበረው መጠባበቂያ በቆላ ተሟጠጠ ማለት ነው። የቆላው ሙቀት የአየሩን እፍግታ በጥቂቱ ስለሚቀንስ የነዳጁን ፍላጎት ያቃልላል፤ የማንኳኳቱን አደጋ ግን ያባብሰዋል።

በተቃራኒው የቱርቦውን ግፊት በፍጹማዊ ልኬት የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ያለው መኪና በደጋ ተመሳሳይ ኃይል ለመስጠት ቱርቦውን ይበልጥ ያሽከረክራል። ፍጹማዊ ግፊቱ 2 ባር እንዲሆን ቢታዘዝ በባሕር ጠለል አየሩን በ2 እጥፍ ማጨቅ ይበቃል፤ በአዲስ አበባ ግን ወደ 2.6 እጥፍ ማጨቅ ያስፈልጋል። አየሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ድብልቁም በዚያው መጠን መጠንቀቅን ይሻል። በአንድ ከፍታ ላይ የተደረገ ማስተካከያ በሌላው ላይ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች

እስካሁን የተገለጸው ነዳጅን ወደ ማኒፎልድ የሚረጭ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ የዋለው አምስተኛው ትውልድ ሱፕራ የያዘው የቢኤምደብሊው ቢ58 ሞተር ግን ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። በዚህ ሥርዓት በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ፓምፕ በሞተሩ የሚዘወረውን ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ይመግባል፤ ስለዚህ ሁለቱም መሰላት አለባቸው። ጊዜውም ይጠብባል። በማኒፎልድ የሚረጭ ኢንጀክተር መላውን ዑደት ሊጠቀምበት ሲችል፣ በቀጥታ የሚረጨው ግን የሚሠራው በመሳብና በመጭመቅ ምቶች ውስጥ በሚገኝ አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ክፍሎቹ ቢለወጡም ጥያቄው ያው ነው፤ እጅግ በሚጨነቀው ነጥብ ላይ የሚፈለገው ነዳጅ በተፈቀደው ጊዜ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ወደ አንድ የሥራ ሥርዓት ያመራል። በመጀመሪያ የታቀደው ኃይልና የነዳጁ ዓይነት በጽሑፍ ይወሰናል። ቀጥሎ የኢንጀክተሩ መጠን፣ ከእርሱም የፓምፑ ፍሰት በትክክለኛው ግፊት ይሰላል። ሽቦው፣ ፊልትሮው፣ መስመሮቹና መመለሻው ከዚህ ፍሰት ጋር ይመዘናሉ። ክፍሎቹ ከተገጠሙ በኋላ የቱርቦው ግፊት ሳይነካ ኮምፒውተሩ ይስተካከላል፤ መንጠባጠብ አለመኖሩም ሞተሩ ቀዝቅዞና ሞቆ ይፈተሻል።

ግፊቱ የሚጨምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያም በጥቂት በጥቂቱ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ነገሮች አብረው ይመዘገባሉ፦ በሰፊ ልኬት ሴንሰር የተነበበው የድብልቅ ምጣኔ፣ የነዳጁና የማኒፎልዱ ግፊት ልዩነት፣ እንዲሁም የኢንጀክተሩ የክፍት ጊዜ ድርሻ። የድብልቅ ምጣኔው ጉድለቱን የሚናገረው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የግፊቱ ልዩነት ግን ምንጩን ያመለክታል። ልዩነቱ በ3 ባር ጸንቶ ድብልቁ ከሳሳ ችግሩ በኢንጀክተሩ ወይም በኮምፒውተሩ ውስጥ ይፈለጋል፤ ልዩነቱ እየወረደ ከሆነ ግን ፓምፑ፣ ፊልትሮው ወይም ቮልቴጁ ይመረመራል። ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የቱርቦውን ግፊት ወዲያው እንዲቀንሱ ማድረግ ይቻላል። ይህ ጥንቃቄ የአንድ ሴንሰር ዋጋ ሲያስወጣ የሚያድነው ሞተሩን ነው።

ማጠቃለያ

የቱርቦ ሞተርን ኃይል የሚያሳድገው አየር ቢሆንም የኃይሉን ወሰን የሚያስቀምጠው የነዳጅ ሥርዓቱ ነው። ኢንጀክተር፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ፓምፕ፣ ሽቦና ኮምፒውተር በተናጠል ሲታዩ በቂ መስለው፣ በአንድነት በሚጨነቁበት ነጥብ ላይ ግን ሊጎድሉ ይችላሉ። በ2ጄዜድ-ጂቲኢ ምሳሌ እንደታየው በ440ና በ550 ሲሲ ኢንጀክተሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ የ90 የፈረስ ጉልበት ያህል የደኅንነት ወሰን ይፈጥራል፤ የ0.75 ባር የግፊት ጉድለትም ደኅና የነበረውን ድብልቅ ወደ አደገኛ ይለውጣል።

ለኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ ከፍታ የስሌቱ አካል ሆኖ መግባት አለበት። በደጋ የተስተካከለ ሞተር በቆላ የሚጠይቀው ነዳጅ አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል፤ መጠባበቂያውም ተሽከርካሪው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ መሠረት መወሰን ይኖርበታል። የነዳጅ ፓምፖችን ፍሰት በተለያየ ቮልቴጅና ግፊት መለካት፣ እንዲሁም በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ቆላው የኢንጀክተሩን የክፍት ጊዜ ድርሻ መመዝገብ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አቅም ሊከናወኑ የሚችሉ ጥናቶች ናቸው። ውጤታቸውም በዚህ ጽሑፍ በስሌት የቀረቡትን ቁጥሮች በመስክ ለመፈተን ያስችላል።